የስም ሳጥኑና የኤዶ ቴምር

እኔ ነገር ቶሎ ይቀፈኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ሰው የጠጣበት ብርጭቆ፣ ላብ የነካው የሚኒባስ መቀመጫ፣ ሲያወራ ምራቁ አፉ ጥግ ላይ የሚጠራቀም ሰው፣ ሁሉም ሆዴን ይገለብጡታል። እናቴ «አንቺን የሚያገባ ሰው በበረኪና ታጥቦ መምጣት አለበት» ትለኝ ነበር። ኮምፒውተር ለመማር የመረጥኩትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ንጹሕ ሥራ መስሎኝ ነው። ፊደል ነው፣ ቁጥር ነው፣ መስታወት ነው፤ ማን ያስነጥስበታል ብዬ። በሕይወቴ ካየሁት ቆሻሻ ሁሉ የባሰውን ግን ያየሁት ኮድ ውስጥ ነው።

ያደግኩት ጅግጅጋ ነው። አባቴ ወታደር ነበር፤ ከደጋ ተመድቦ መጣ፣ ጡረታ ወጥቶም እዚያው ቀረ። ድሬዳዋ ተምሬ በ2011 ስመለስ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ስሙ ይቅር፤ ስሙን ስጽፈው ራሱ እጄን መታጠብ ያምረኛል። ሥራው ይሄ ነው፦ ቶጎጫሌ ድንበር ላይ ዕቃ ገዝተው ወደ ጅግጅጋ ለሚያስገቡ ትንንሽ ነጋዴዎች ካርድ ይሰጣል። ካርዱ ያለው ሰው የተፈቀደለትን ያህል ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዘይት፣ ቴምር ይዞ በኬላው ያልፋል። ካርዱ የታገደበት ሰው ዕቃው ኬላው ግቢ ይወርድና እስኪፈታለት እዚያ ይቀመጣል።

ሲስተሙን የሠራው ከአዲስ አበባ በኮንትራት የመጣ ሰው ነው። እኔ ስገባ ሊጨርስ ተቃርቦ ነበር። ጠዋት አይገኝም። ከምሳ በኋላ ጫቱን በፌስታል ይዞ ይመጣና መስኮቱን ዘግቶ ይጽፋል፤ ሲመረቅን ጣቶቹ ይፈጥናሉ፣ ያን ጊዜ ለሱ የማይቻል ነገር የለም። ሲሄድ ገረባው ወለሉ ላይ፣ የለስላሳው ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ፣ ዝንቦቹ ደግሞ እኔ ላይ ይቀራሉ። አስረክቦ ሲሄድ ይሠራበት የነበረውን ላፕቶፕ ለኔ ሰጡኝ። ቁልፎቹ በስኳር ተጣብቀዋል፤ አንዱን ስትጫነው ጎረቤቱም አብሮ ይወርዳል። በመሃላቸው የደረቀ ቅጠል አለ። በስቴኪኒና በአልኮል ስጎረጉር ዋልኩ፣ እንዲያም ሆኖ አልጠራልኝም።

ከዚያ ኮዱን ከፈትኩት። የላፕቶፑ ቆሻሻ ይሻል ነበር።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ድረ ገጽ ላይ ተደጋግሞ የሚመጣ ነገር ሲኖር፣ ለምሳሌ የሰው ስም የሚሞላበትና የሚታይበት ሳጥን፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ያን ሳጥን አንዴ ለብቻው ይሠራዋል፣ ስም ያወጣለታል፣ ከዚያ የሚፈልገው ገጽ ሁሉ በስሙ እየጠራ ይጠቀምበታል። ኮምፖነንት እንለዋለን። የመሥሪያ ቤት ማኅተም በሉት። ማኅተሙ አንድ ነው፣ ጸሐፊዋ ጋ ነው፣ ደብዳቤ ያለው ሁሉ እሷ ጋ ሄዶ ያስመታል፤ ማኅተሙ ሲቀየር የሁሉም ደብዳቤ ይቀየራል። ይሄ ሰውዬ ግን ለየጠረጴዛው ከድንች ማኅተም ቀርጾ ነው የሄደው።

የስሙን ሳጥን አንድ ገጽ ላይ ጽፎ ሌሎቹ ላይ ገልብጦ ለጥፎታል። መመዝገቢያው ላይ፣ ማደሻው ላይ፣ ማገጃው ላይ፣ ካርድ ማተሚያው ላይ፣ የኬላ ሠራተኞች ስልካቸው ላይ በሚከፍቱት ገጽ ላይ፣ መጠበቂያ አዳራሹ ውስጥ ባለው ስክሪን ላይ። እኩል ቢሆኑ እንኳ አንድ ነገር ነው። አንዱ ላይ የአያት ስም ግዴታ ነው፣ ሌላው ላይ ባይሞላም ያልፋል። አንዱ ረጅም ስም ከመሃል ይቆርጣል። አንዱ ላይ «ነገ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ለራሱ ማስታወሻ ጽፏል። ያ ነገ አልመጣም፣ እሱም አልተመለሰም። እንዲህ ያለ ኮድ ሳነብ የሰው የተላመጠ ማስቲካ አፌ ውስጥ የገባ ያህል ነው የሚሰማኝ።

እዚህ ላይ ስለ ስም መናገር አለብኝ። እኛ አገር፣ ጅግጅጋን ማለቴ ነው፣ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ሦስቱም ከሌላ ሰው ጋር አንድ የሆኑ ሰዎች ሞልተዋል። ገበያ መሃል ቆመህ የተለመደ ስም ብትጣራ ግማሹ ሰው ይዞርልሃል። ስለዚህ ሶማሌው ሁሉ የሚታወቅበት ሌላ ስም አለው፤ ያም የሚወጣው ሰው ሲያየው መጀመሪያ ዓይኑ ከሚያርፍበት ነገር ነው። ረጅሙ፣ ጥርሱ፣ ባለ አንድ ዓይኑ፣ ጆሮው። ማንም አይቀየምም። ሰውዬው ራሱ ስልክ ሲደውል «ባለ አንድ ዓይኑ ነኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ልጅ ሆኜ መጀመሪያ ስሰማ ክው ብዬ ነበር። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሰው ፊት አይባልም፣ ከኋላው ነው የሚባለው። ከፍ ስል የቱ ይበልጥ እንደሚያስጠላ ገባኝ።

የኛን ግድግዳ የምትጋራው ሴት የምትታወቀው «አንካሳዋ» በሚለው ነው። ልጅ ሳለች ግራ እግሯ ተሰብሮ፣ ሲገጥም አጥሮ ገጠመ። እኔ ኤዶ ነው የምላት፤ አክስቴ እንደማለት ነው። አባቴ ግዳጅ ላይ ሆኖ እናቴ የታመመች ጊዜ ሁሉ የበላሁት የሷን ቤት ሩዝ ነው። ከሰው ሳህን መብላት የማይቀፈኝ እሷ ቤት ብቻ ነበር። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ቶጎጫሌ እየተመላለሰች ትነግዳለች። ዓመቱን ሙሉ የሚያቆማት ግን ረመዳን ነው። ረመዳን ሊገባ ሲል ያላትን አሟጣ ቴምር ታመጣለች፤ በጾሙ ወር ሸጣው በሱ ትከርማለች። ረመዳን ካለፈ ቴምር ማን ይገዛል?

መዝጋቢዎቹ የአገሩ ልጆች ስለሆኑ ገና ሲስተሙ ሲሠራ «የሚታወቁበት ስም የሚጻፍበት ቦታ ከሌለ አይሆንም» ብለው ኮንትራክተሩን ይዘው አስጨንቀውታል። እሱም እነሱ ከሚያዩት ከመመዝገቢያው ገጽ ላይ ብቻ አራተኛ መስመር ጨመረላቸው። ሌሎቹን ገጾች አልነካቸውም። ማን ያየዋል? ማንም አላየውም፣ እኔም ከገባሁ በኋላ ለኃላፊው በቃልም በጽሑፍም ስናገር «የሚሠራ ነገር አይነካም» ነው መልሱ። እንዲህ እንዲህ ሲባል ዓመታት አለፉ።

አንድ ዓመት ረመዳን ከሚያዝያ ዝናብ ጋር ገጠመ። ጾሙ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ኤዶ በግድግዳው በኩል ጠራችኝ።

«አባዮ» አለችኝ። እህቴ እንደማለት ነው፣ ለልጅም ይባላል። «ካርድሽ ቀይ ነው፣ ታግዷል አሉኝ። ቴምሬን ኬላ ላይ አወረዱት። እኔ ምን አጠፋሁ?»

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ አየሁት። ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስቱም ስሟ ከኤዶ ጋር አንድ የሆነ ሌላ ነጋዴ አለች፤ እሷ የምትታወቀው «ረጅሟ» ተብላ ነው። ረጅሟ የዱቄት ጆንያ ውስጥ ሲጋራ ደብቃ ተይዛ ካርዷ እንዲታገድ ተወሰነ። ማገጃው ገጽ ግን ያ አሮጌው ድንች ነው፤ የሚያውቀው ሦስት ስም ብቻ ነው። ሦስት ስም የገጠመለትን ሁሉ አገደ። የካርዱ ቁጥርስ የሚል ይኖራል። የካርዱ ቁጥር በላብ ይለቃል፣ ስለዚህ ኬላ ላይ የሚፈልጉት በስም ነው።

የኤዶን እገዳ በእጄ ልፍታ ብዬ ሞከርኩ። መፍቻውም ያው ድንች ስለሆነ ረጅሟም አብራ ተፈታች። ኃላፊው ወዲያው ጠራኝ።

ስለ ኃላፊው ልናገር። እሱም እንደ አባቴ ከደጋ ተመድቦ የመጣ ነው። ሲመጣ ወድጄው ነበር። ሸሚዙ ነጭ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ አቧራ አይታይም፣ ኮሮና ካለፈ በኋላ እንኳ ሳኒታይዘሩን አልተወም። ሰው ጨብጦ ሲጨርስ እጁን ያሻል። የኔ ብጤ ነው ብዬ ነበር። ሰው ንጹሕ ሲመስል የምሸወድ ነኝ።

«ኮንትሮባንዲስት ትፈቺያለሽ እንዴ?» አለኝ።

«የፈታሁት ንጹሗን ሴት ነው። ሲስተሙ ነው ሁለቱን መለየት ያቃተው» አልኩትና እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳሁት። የስሙን ሳጥን አንዴ በደንብ ልሥራው፣ ስድስቱም ገጽ እሱን ይጥሩ፣ አራተኛው መስመር ሁሉም ጋ ይድረስ፣ ሲያግዱም ሲፈቱም በአራቱ ይለዩ። ይሄን ጊዜ አማራጭ አልነበረውም።

«እንደፈለግሽ» አለ። «ሲስተሙ ከቆመ ግን የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።» የረጅሟን እገዳ ራሱ መለሰው። የኤዶም አብሮ ተመለሰ።

ሥራውን ጀመርኩ። ስድስቱን ድንች እያወጣሁ ስጥል የተሰማኝ ነገር፣ ወጥ ቤት ውስጥ ለዓመታት ያልተነሳ ዕቃ አንስቶ ከሥሩ የሚገኘውን የማየት ያህል ነው። አንዱ ውስጥ የአባት ስም ባዶ ከሆነ ራሱ ነጥብ እየሞላ ይመዘግባል። ነጥብ! ሰው አባቱ ነጥብ ነው። ግን ደግሞ አዲሱ ሳጥን ሲያድግ ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። ትንሽ ናት። የሰውዬውን መለያ ትሰጣታለህ፣ እሷ አራቱን ስም ይዛ ትመጣለች። መመዝገቢያው ጠራት፣ መጣች። ማደሻው ጠራት፣ መጣች። የኬላውን ገጽ በስልኬ ከፍቼ ስጠራት እዚያም መጣች። ንጹሕ ነገር ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ ያን ቀን ባሳየሁት።

በዚህ መሃል ጾሙ ገባ፣ ዝናቡም ጠነከረ። ኤዶ ቴምሩ ኬላው ግቢ በላስቲክ ተሸፍኖ ሜዳ ላይ እንዳለ ነገረችኝ። «ላስቲኩ ቀዳዳ አለው» አለች። ማታ ማታ ስታፈጥር ቴምር የምትበላው ከጎረቤት ተቀብላ ነበር።

ጨርሼ ሥራ ላይ ያዋልኩት ጠዋት ነው። የረጅሟ ቀይ እንደሆነ ቀረ፣ የኤዶ አረንጓዴ ሆነ። ደወልኩላት። ካርዷም እንደ አዲስ ታትሞ እንዲሰጣት አዳራሽ መጥታ እንድትጠብቅ ነገርኳት፤ በማግስቱ በጠዋቱ ሚኒባስ ኬላ ሄዳ ዕቃዋን ታወጣለች። በስልክ ዱዓ አደረገችልኝ፣ ረጅም ነው፣ ግማሹ አልገባኝም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዳ መጣ። ኃላፊው አዳራሹን እያስጎበኘው ሳለ ስክሪኑ ካርዳቸው የደረሰላቸውን ሰዎች ያሳያል። የኤዶ ሦስት ስም ወጣ፣ ከሥሩ አዲሷ መስመር፦ «የሚታወቁበት፦ አንካሳዋ»። አዳራሹ ውስጥ ማንም ዘወር ያለ የለም። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም «አንካሳዋ፣ ደርሶልሻል» ብለው ጠሯት፣ ኤዶም ተነሥታ ካርዷን ወሰደች። እንግዳው ግን ቆመ። ስክሪኑን አየ፣ ኃላፊውን አየ። ኃላፊው እስከ ጆሮው ቀላ።

እንግዳውን ሸኝቶ እንደተመለሰ አስጠራኝ።

«ይሄ ምንድነው? የመንግሥት ስክሪን ላይ ስድብ?»

«ስድብ አይደለም። የሚታወቁበት ስም ነው። ማንንም የአገሩን ሰው ይጠይቁ።»

«እናትሽን አንካሳዋ ብለው ቢጽፏት ትወጃለሽ?»

«እናቴ የምትታወቅበት እሱ ቢሆን፣ ዕቃዋም የሚያልፈው በሱ ቢሆን፣ አዎ።»

«እኔ ሰው አላዋርድም» አለ። «ይሄ መሥሪያ ቤት እኔ እያለሁ ሰውን በጉድለቱ አይጠራም። አጥፊው።»

«አላጠፋውም» አልኩት። «እሱ ከጠፋ ሁለቱ ሴቶች እንደገና አንድ ይሆናሉ። ካርዷ ይታገዳል፣ ቴምሯ ዝናብ ላይ ነው። ከስክሪኑና ከካርዱ ላይ እንዳይታይ፣ ለመለያ ብቻ እንዲቀር ላድርገው፣ ጥቂት ቀን ይስጡኝ።»

«ጥቂት ቀን ሙሉ ስድብ ላሳይ?» ብሎ ሳኒታይዘሩን አነሳ። እጁን ሲያሽ አየሁት። ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፣ ይሄ ነው ይበልጥ የሚያንገሸግሸኝ። ከልቡ ነበር። ኤዶን ጨብጧት አያውቅም፣ ስሟን ግን ሊያጥብላት ቆርጦ ተነሥቷል።

እኔ እምቢ ስለው ለኮንትራክተሩ ደወለ። እኔ ፊት፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ። ያ ሰውዬ አዲስ አበባ ሆኖ በሩቅ ሲስተሙ ውስጥ ገባ። ጉንጩ ሙሉ እንደሆነ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ለጥቂት ጊዜ ቁልፍ ሲነካ ተሰማ፣ ከዚያ ሳቀ።

«እሷ አለች?» አለ። «ጎበዝ ነሽ ባክሽ። እንዲህ አንድ ቦታ ሰብስበሽ ባትጠብቂኝ ኖሮ ስድስቱንም ገጽ ስለቅም ባመሸሁ ነበር። አንድ መስመር ነው ያጠፋሁት። ከሁሉም ጋ ጠፍቷል።»

ምን ልበል? ልክ ነው። እንዲህ እንዲሆን ነው የሠራኋት፤ አንድ ቦታ ስትነካ ሁሉም ጋ እንድትደርስ። በድንቾቹ ጊዜ ቢሆን ኖሮ አንዱን አጥፍቶ ሌላውን ይረሳው ነበር፣ ያ ስንፍናው ቢያንስ ለአንድ ሰው ይጠቅም ነበር። የኔ ንጹሕ ሥራ ግን በአንድ መስመር፣ በጫት ጉንጭ፣ ከቶጎጫሌ እስከ አዳራሹ ድረስ ያን ሁሉ ሰው የሚታወቅበትን ስም አጠፋበት። እውነቴን ነው፣ መጸዳጃ ቤት ሄጄ አስመለስኩ። መጸዳጃ ቤታችን ደግሞ እንዴት ያለ እንደሆነ አልናገርም።

ስመለስ ፓስዎርዴ አይሠራም። «ለጊዜው ነው» ተባልኩ።

ኤዶ በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄደች። ማታውን ፓስዎርዴን እንዲመልሱልኝ ስለምን አምሽቼ ስገባ መብራቷ ጠፍቶ ነበር፤ ጠዋት ስልክ ደውዬ ልነግራት ሞከርኩ፣ መንገድ ላይ ኔትወርክ የለም። አዲሱን ካርዷን በእጇ ይዛ ኬላው በር ላይ ቆመች። ሠራተኛው ስልኩ ላይ ሦስት ስሟን ጻፈ፣ ቀይ ሆነ። ካርዱ ላይ የሚታወቁበት ብሎ የታተመውን አሳየችው። አየው። «ካርዱ ልክ ነው እናቴ፣ ስልኩ ግን እንዲህ አይልም» አላት። እሱም የአገሩ ልጅ ነው፣ ያውቃታል፤ አንካሳዋ እንደሆነችም፣ ረጅሟ እንዳልሆነችም ያያል። ረጅም ሴት ለመሆን ስንት ዓይነት ነገር እንደሚጎድላት ለማየት ሲስተም አያስፈልግም። ግን ቀይ ከሆነ ማሳለፍ አይችልም፣ ቢያሳልፍ እንጀራው ነው የሚዘጋው።

በየቀኑ ለኃላፊው ተናገርኩ። «ጉዳዩ እየታየ ነው» ይለኛል። ለማን እየታየ እንደሆነ አላውቅም፣ የሚያየው ሰው የሚገኝ ቢሆን ኖሮ እኔም ባየሁት። ለመለያ ብቻ የሚሆነውን አሠራር በወረቀት ጽፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንስቶ ወደ ጎን አደረገው። ኤዶ ማታ ማታ በግድግዳው በኩል «እንዴት ሆነ?» ትለኝ የነበረው ቀስ በቀስ ቀረ። ከዚያ ስታፈጥር የሚሰማኝ የሳህን ድምፅ ብቻ ሆነ። ንግግር የሌለበት ግድግዳ እንዴት እንደሚያሳፍር አላውቅም ነበር።

ጾሙ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኬላ ደወሉላት። ካርዷ ተፈትቶ አይደለም። ቴምሩ ነው። ውኃ ገብቶት ፈልቷል፣ ሸትቷል፣ ንብና ተርብ ግቢውን ሞልቶት ሠራተኛው መግቢያ አጥቷል። «ነይ አንሺልን» አሏት። ጤነኛው ቴምር በካርድ አላልፍ ያለበት በር፣ የበሰበሰው ያለ ካርድ አለፈ። ቀዩን ያየ የለም፣ ስሟን የጠየቃትም የለም።

ያቺ መስመር ዛሬ ተመልሳለች። ስክሪንና ካርድ ላይ አትታይም፣ ኬላ ላይ ግን ትለያለች፤ እኔ በወረቀት እንደጻፍኩት። ኮዱን በወረቀቱ ላይ ጨርሼው ስለነበር ለመመለስ ሻይ ጠጥቶ የመጨረስ ያህል ጊዜ አልወሰደም። እንድትመለስ የተፈቀደው ኤዶ ቢሮ የመጣች ቀን ነው።

ከሷ በፊት የደረሰው ሽታው ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው አፍንጫውን በሻሽ፣ በእጅጌው እየሸፈነ መንገድ ለቀቀ። የጋሪ ሰው አንድ ጆንያ ተሸክሞ ከኋላዋ ይከተላታል። ከሥሩ ቡናማ ውኃ ይንጠባጠባል። እኔ፣ በሕይወቴ የሰው ብርጭቆ የሚቀፈኝ ሰው፣ ተነሥቼ የኃላፊውን በር ከፈትኩላት። የጋሪው ሰው ጆንያውን የኃላፊው ነጭ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ተርቦች አብረው ገቡ። ኃላፊው ከወንበሩ ተነሥቶ ግድግዳው ጋ ተለጠፈ፤ ከዚያ ትልቅ ሰው ፊት መሆኑ ትዝ ሲለው ወደ ፊት ተራመደ።

«እናቴ፣ ይቀመጡ» አላት። ወንበር ስቦላታል። «በጣም አዝናለሁ። ግን ይወቁልን፣ ይሄን ሁሉ ያደረግነው እርስዎን አክብረን ነው። በእግርዎ ይጠሩ? ስክሪን ላይ፣ ሰው ፊት? ነውር ነው ብለን ነው።»

ኤዶ አልተቀመጠችም። አንድ ቴምር ከጆንያው አውጥታ በጣቷ ጨመቀችው። ውስጡ ሻግቶ ነጭ ሆኖ ነበር፣ በጣቷ መሃል ፈሰሰ። ጠረጴዛው ላይ ጣቷን ጠረገች።

«ልጄ» አለችው፣ «እኔ አንካሳ ነኝ። ቴምሬ ግን ጤነኛ ነበር።»

ከዚያ እያነከሰች ወጣች።